የክፍል ሙቀት

ዩጌት በሰባ ሰባት ዓመት ዕድሜዋ እርግጠኛ የሆነችበት አንድ ነገር ቢኖር ሰውን የሚገድለው ብርድ መሆኑን ነው። ሐኪሞች ልብ ይላሉ፣ ስኳር ይላሉ፣ ደም ብዛት ይላሉ። ይበሉ፤ እንጀራቸው ነው። እሷ ግን በዚህ በፈረንሳይ የቡርጎኝ መንደር ቀብር የሄደችላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ብታስታውስ፣ የሁሉም ነገር መነሻ ላይ አንድ ያልተዘጋ መስኮት አለ። ባሏ አንሴልም እንኳ ከትራክተር ወድቆ ሞተ ይባል እንጂ፣ የዚያን ዕለት አንገቱ ላይ ሻርፕ አልነበረም።

ስለዚህ ማዳም ሱርኔ ለምሳ የሚመጡበት የየካቲት ቀን ሲደርስ፣ ዩጌት ከአልጋዋ ወርዳ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የቤቱን ማሞቂያ ከፍ ማድረግ ነበር። ጸሎቷን ያደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው። እግዜር ይጠብቃል፤ ማሞቂያው ግን ካልነኩት አይሞቅም።

ማዳም ሱርኔ ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላቸው፣ ሊዮን ከተማ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። የደወል ዳገት የሚባለው የወይን ማሳ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ማሳውን አንሴልም አርባ ዓመት ተከራይቶ አልምቶታል። እሱ ሲሞት ውሉ ወደ ዩጌት ዞረ፤ አሁን ደግሞ የዩጌት ወገብ አልታዘዝ ስላለ፣ ወደ ልጅ ልጇ ወደ ብላንዲን እንዲዞር ተፈለገ። ለዚህ የባለመሬቷ ፊርማ ግድ ነው። ብላንዲን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወይን ጠመቃ ተምራ መጥታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐረጉን ከርክማ፣ ለቅማ፣ ጠምቃ፣ በስሟ የመጀመሪያ የሆነውን ቀይ ወይን በጠርሙስ አሽጋለች። ማዳም ያንን ቀምሰው ሊፈርሙ፣ ወይም ሳይፈርሙ ሊመለሱ ነው የሚመጡት። ካልፈረሙ ማሳውን የሚጠብቅ አንድ የከተማ ነጋዴ አለ። ብላንዲንም ሻንጣዋን ይዛ የሰው ወይን ልትጠምቅ ወደ ሰው አገር መሄዷ ነው። የሰው አገር ማለት ደግሞ ለዩጌት አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ማንም ብላንዲንን «ካልሲሽን አድርጊ» የማይላት ቦታ ማለት ነው።

ሌላም ጭንቀት ነበረባት። ማዳም ሱርኔ ባለፈው የብርድ ወራት የሳንባ ምች ይዟቸው ሁለት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። እንዲህ ያሉ ሴትዮ ሹካ እንደያዙ እዚሁ ወንበር ላይ ድፍት ቢሉስ? ፈርመው ቢሞቱ ሐዘን ነው፤ አበባ ገዝቶ መሄድ ነው። ሳይፈርሙ ቢሞቱ ግን ሐዘንም ኪሳራም ነው። ዩጌት ይህን በማሰቧ አፈረችና ማሞቂያውን ትንሽ ጨመረችበት።

ብላንዲን እንግዳዋን ከባቡር ጣቢያ ለማምጣት ከመውጣቷ በፊት ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፋ ነበር። እንዲህ ይላል፤ «ወይኑ እኔ እስክመጣ ከምድር ቤት አይውጣ። ምድር ቤቱ አሥራ ሁለት ዲግሪ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ አሥራ ስድስት መሆን አለበት። ማንም እንዳይነካው።» «ማንም» ከሚለው ቃል ሥር ሁለት መስመር አስምራለች። እዚያ ቤት ውስጥ ማንም ተብሎ የሚጠራ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ኦክታቭ ነው።

ኦክታቭ የዩጌት ዋርሳ፣ የአንሴልም ታላቅ ወንድም ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቤቱ ከአጥሩ ማዶ ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ለአንድ ምሳ ብሎ ገብቶ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቱ። ስለ ወይን የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም ያ ነገር መታወቅ የማይገባው ነገር ነው። የዚያን ዕለት ክራቫት አስሮ ገና በሦስት ሰዓት መጣ። ወረቀቱን ያለ መነጽር አነበበና፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠፋባቸው አእምሮ ነው አለ።

ቀይ ወይን የክፍል ሙቀት ነው የሚፈልገው አላት። አባቱ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ አያቱም እንዲህ ያደርግ ነበር፤ የአያቱም አባት ቢሆን ሌላ ሊያደርግ አይችልም። ጠርሙሱ ከጠዋት ጀምሮ እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል ይውላል፣ ቡሹ ይነቀላል፣ ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ሰው ይሆናል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ ዶሮዋ ግን ቢያንስ የሞተችው ብቻዋን ነው።

«ልጅቷ አትንኩ ብላለች» አለችው ዩጌት።

«ልጅቷ እናቷ ሆድ ውስጥ ሳትገባ እኔ ስንት መከር ለቅሜያለሁ። ደግሞስ አንቺ ዩጌት፣ ከጉድጓድ የወጣ ወይን ለእሳቸው ልትሰጪ ነው? ያ ብርድ በጉሮሯቸው ወርዶ የት የሚያርፍ ይመስልሻል? ደረታቸው ላይ ነው።»

ደረት ሲል ዩጌት ተሸነፈች። ስለ ወይን ቢከራከራት እስከ ምሳ ትመክተው ነበር፤ በሳንባ መጣባት እንጂ። የኦክታቭ ጉልበት ደረጃ መውረድ ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ደንቡ የእሱ፣ እግሩ የእሷ ሆነና፣ ወደ ምድር ቤት ወርዳ ሦስት ጠርሙስ በገዛ እጇ አቅፋ አወጣች። ጠርሙሶቹ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዘው ነበር። «እኔን» አለቻቸው፣ በመሀረብ እያደረቀቻቸው። ኦክታቭ ከማሞቂያው በላይ ያለው ቡፌ ላይ ደረደራቸውና ቡሻቸውን ነቀለ፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የሠራ ሰው እንቅልፍ ተኛ።

ዩጌት ግን ደንብ አፍራሽ መሆን አልፈለገችም። ልጅቷ ዲግሪ ካለች፣ ዲግሪ ይለካ። ቤት ውስጥ የነበረው መለኪያ የሌላኛዋ የልጅ ልጇ ሕፃን ለጥየቃ ሲመጣ ገላውን የሚታጠብባት ቢጫ የፕላስቲክ ዳክዬ ናት። ሆዷ ላይ ቁጥር ይበራል፤ ከበረደ ዓይኗ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከተስማማ አረንጓዴ። ዩጌት ዳክዬዋን ከጠርሙሶቹ መሀል አስቀመጠችና ጠበቀች። ሃያ ሦስት አለች፤ ዓይኗ ሰማያዊ ነው። ዩጌት ማሞቂያውን ጨመረች። ሃያ አምስት አለች፤ አሁንም ሰማያዊ። ዳክዬዋ ለሕፃን ገላ የተሠራች መሆኗን፣ ሠላሳ ሰባት ካልደረሰ ዓለም በሙሉ ብርድ ናት ብላ የምታምን መሆኗን ዩጌት አታውቅም አይባልም። ታውቃለች። ነገር ግን ዳክዬዋ በዚህ ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር የምትስማማ ብቸኛ ፍጥረት ስለሆነች አልተከራከረቻትም። የወረቀቱ አሥራ ስድስት የሚለው ቁጥርም ለሰው የሚሆን ቁጥር አልመስል አላት፤ ብላንዲን ስትጽፍ ቸኩላ ይሆናል።

እንግዳዋ በስድስት ሰዓት ደረሱ። ማዳም ሱርኔ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሴት ናቸው። በሩን አልፈው ሁለት እርምጃ እንደ ሄዱ ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ሦስተኛው ላይ ሻርፓቸውን፤ ወንበራቸው ጋ ሲደርሱ ሹራባቸውን። ዩጌት ይህን ስታይ ሰውነቷ ተሸማቀቀ። ከኋላ መጥታ ወፍራም ሻል ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። አመሰገኑ፤ ሻሉም ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ መደገፊያ ወረደ። ዩጌት መለሰችው። ደግሞ ወረደ። ሁለቱም ጨዋዎች ስለሆኑ ስለ ሻሉ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ብላንዲን መኪናዋን ልታቆም እንደ ሄደች ነው ኦክታቭ የነቃው። የቤቱ አባወራ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ጊዜ ሳይሰጥ አንዱን ጠርሙስ አነሳና ብርጭቆዎቹን ሞላ፤ ማዳምም እንግዳ ስለሆኑ አነሱ።

አሸተቱት። ራሳቸውን ትንሽ ወደ ኋላ መለሱ፤ ሰው የድስት ክዳን ሲከፍት እንፋሎት እንደሚመታው። ጠጡ። ብርጭቆው ውስጥ የጣሉት ነገር እንዳለ ሁሉ ረጅም ጊዜ አዩት። በዚህ መሀል ብላንዲን ገባች፤ ቡፌውን አየች፤ ቆመች።

«አልኮሉ ይቀድማል» አሉ ማዳም፣ በትሕትና። «አፍንጫ ይወጋል። ሲውጡት ደግሞ የሳል መድኃኒት ይመስላል። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ አንቺን ለማስቀየም አይደለም። የአያትሽም ወይን እንዲሁ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ማሳው ነው፤ ለፍተሽበትም ከዚህ የተሻለ አይወጣውም። ያ ነጋዴ ሐረጉን በሙሉ ነቅዬ እንደ አዲስ እተክላለሁ ብሎኛል። ምናልባት እሱ ይሻል ይሆናል።»

ነቅዬ የሚለው ቃል ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሐረጉን የተከለው አንሴልም ነው።

ብላንዲን መዳፏን ጠርሙሱ ትከሻ ላይ አሳረፈችና ወዲያው አነሳችው፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር እንደ ነካ ሰው። ከዚያ ወደ አያቷ አየች። ቢያንስ ብትጮህ ዩጌት ታለቅስ ነበር፤ ነገሩም በዚያው ያልፍ ነበር።

የተናገረው ኦክታቭ ነው። ወይኑ የቀረበው እንደ ደንቡ ነው፣ ጥፋቱ የዓመቱ ፀሐይ ነው አለ። ልጅቷም አንድ ሳምንት ዘግይታ ለቀመች፤ ነግሯት ነበር፤ የሚሰማ የለም። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት የሚባል አልነበረም። ደንቡ ከሚሰበር የወንድሙ የልጅ ልጅ ብትሰበር ይሻላል የሚል ቅን እምነት ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ዩጌት ሁለት ነገር ማድረግ ትችል ነበር። አንደኛው ሥጋውን ማቅረብ ነው። በወይን ሲፈላ ያደረው የበሬ ሥጋ ወጥ ቤት ይጠብቃታል፤ ሰው ሥጋ ሲበላ ወይን ይረሳል፣ ማንም እሷን አይጠይቃትም። ደግ አስተናጋጅ ሆና ትውላለች። ልጅቷም በመጋቢት ሻንጣዋን ትይዛለች። ስንት ጊዜ ነው ለሌላው ሰው «የአዛኝ ቅቤ አንጓች» እያለች የሳቀችው። አሁን ቅቤው አፏ ውስጥ ነበር።

«ማዳም» አለች፣ ወንበሩን ይዛ ተነሥታ፣ «ወይኑን የቀቀልኩት እኔ ነኝ።»

ወደ ወጥ ቤቱ በጣቷ አመለከተች።

«ልጅቷ አትንኩት ብላ ጽፋ ለጥፋልኝ ነበር። ከምድር ቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማሞቂያውን የለቀቅሁትም እኔ ነኝ፤ ብርድ እንዳይመታዎት ብዬ ነው። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ላይ ነው የዋለው። እሷ በጊዜው ነው የለቀመችው። አንድ ቀን አላዘገየችም።»

ማዳም ሱርኔ ወረቀቱ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ጣታቸው ሁለቱ መስመሮች ላይ ቆመ።

«ማንም ማለት ማነው?»

ኦክታቭ የዳቦ ቅርጫቱን መመርመር ጀመረ።

ብላንዲን አንድ ደቂቃ ስጡኝ፣ ሌላ ጠርሙስ ከምድር ቤት አመጣለሁ አለች። ማዳም ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ገበሬ ሁሉ ለባለመሬት የሚደብቀው አንድ ጥሩ ጠርሙስ አለው፤ ሌላ ጠርሙስ ቢመጣ ስለ ሌላው ጠርሙስ እንጂ ስለዚህ ምንም አይነግራቸውም። ሙቀቱ ነው የበደለው ከተባለ ይኸው ራሱ ይቀዝቅዝና ይመስክር።

«አልሞተም አይደል?» አሉ።

«ሦስት ሰዓት ነው የሞቀው» አለች ብላንዲን። «ራሱን ስቶ ነው እንጂ አልሞተም። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።»

ባልዲ መጣ። ውኃ ተሞላ። ፍሪጁ ውስጥ የነበረው በረዶ ለአንድ ብርጭቆ እንጂ ለጠርሙስ የሚበቃ ስላልነበረ፣ ዩጌት በላስቲክ የታሰረ የቀዘቀዘ አተር ጨመረችበት። ኦክታቭ ይህን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። እዚህ ቤት ውስጥ ቀይ ወይን ባልዲ ገብቶ አያውቅም አለ። ሮዝ ይገባ ይሆናል፤ ነጭ ይገባ ይሆናል፤ ቀይ ግን የቤተሰብ አባል ነው።

«የአንሴልም አጥንት ይወጋሻል» አላት።

«ይውጋኝ» አለችው። «አንተ እሳት ላይ ከምትጥለኝ እሱ ይሻለኛል። ተቀመጥ ኦክታቭ፤ ደንብህ እንዳይበርደው።»

ከጋብቻዋ ጀምሮ እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ተቀመጠ።

ዩጌት ዳክዬዋን አምጥታ ባልዲው ውስጥ ለቀቀቻት። ስድስት አለች፤ ዓይኗ ከሰማያዊም በላይ ሰማያዊ ሆነ።

«ይህቺ ደግሞ ማናት?» አሉ ማዳም።

«አያቴ፣ እሷ የምትለካው ውኃውን ነው» አለች ብላንዲን። ዳክዬዋን ግን አላወጣችም። መዳፏን ጠርሙሱ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። በየመሀሉ ጠርሙሱን ቀስ እያደረገች ታዞረዋለች። ዩጌት የልጅ ልጇን እጅ አየችው። ብርዱ አቅልቶታል፣ ጥፍሩ ሥር የመከርከሚያው ቁስል አለ፣ ጓንት የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው።

አሥር ደቂቃ ረጅም ነው። ማዳም ሱርኔ ያን ጊዜ የተጠቀሙበት ከገቡ ጀምሮ ሲያስቡት የነበረውን ነገር ለመጠየቅ ነው፤ መስኮቱ ይከፈት ይሆን? ዩጌት መስኮቱን የሚከፍት እጀታ ተበላሽቷል ለማለት ቃጣት። ከዚያ ስለ ሳንባቸው አነሣች።

«ዩጌት» አሉ ማዳም፣ «እኔን የሳንባ ምች የያዘኝ ልጄ ቤት ነው። እንደዚህ እንደ አንቺ ቤት አፍነው አስቀምጠውኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን መስኮት ከፍቼ ነው የምተኛው። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ እየበሰልኩ ነው፤ ከወይኑ የምለየው ዝም ብዬ በመብሰሌ ብቻ ነው።»

ዩጌት ከፈተችው። የየካቲት ነፋስ፣ ማሳው ላይ ከሚቃጠለው የወይን ጭራሮ ጢስ ጋር፣ እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ ገባ። ወንበሩ ላይ የቀረውን ሻል አንሥታ ራሷ ለበሰችው። ማዳም ሱርኔ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከደረሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉንጫቸው የሰው ጉንጭ መሰለ።

ያን ጊዜ ብላንዲን ለአያቷ ቀስ ብላ ነገረቻት። የክፍል ሙቀት የሚለውን ደንብ ያወጡት ሰዎች ማሞቂያ አልነበራቸውም። በብርድ ወራት ክፍሉ አሥራ ስድስት ከደረሰ ቤቱ ሞቀ ይባል ነበር፤ ምሳ የሚበላው ካፖርት ለብሶ ነው። ምድር ቤት ያደረውን ጠርሙስ ወደዚያ ክፍል ማውጣት ከበረዶ ወደ ቅዝቃዜ ማውጣት እንጂ ወደ ምድጃ መክተት አልነበረም። ደንቡ እንዳለ ቀረ፤ ክፍሉ ግን ተቀየረ። ኦክታቭ ይህን ሰምቷል፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አልሰማሁም ያለ ሰው መሆንን መረጠ።

«አሁን» አለች ብላንዲን፤ ጠርሙሱን አወጣችና ቀዳች።

ማዳም ሱርኔ አሸተቱ፤ በዚህኛው ጊዜ ራሳቸው ወደ ኋላ አልተመለሰም። ጠጡ። ሁለተኛ ጠጡ። ዩጌት የሻሉን ጫፍ እየጠመዘዘች እግዜርን፣ የወይን ገበሬዎችን ጠባቂ ቅዱስ ቪንሳንን፣ ዳክዬዋንም ሳይቀር ለመነች። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠጡ ዳቦ እንዲያቀብሏቸው ጠየቁ። በዚህ አገር ወይን ቀምሶ ዳቦ የሚጠይቅ ሰው ልሂድ የሚል ሰው አይደለም።

«እንጆሪ አለው» አሉ። «ዝናብ የነካው አፈርም አለው። ያው ጠርሙስ ነው?»

«ያው ነው» አለች ብላንዲን።

ብርጭቆውን አስቀመጡ። ዩጌት ፈገግታ ጠብቃ ነበር፤ የመጣው ግን ቁጣ የሚመስል ነገር ነው። «ታዲያ ማሳው እንዲህ ያለ ወይን የሚሰጥ ከሆነ» አሉ፣ «አንሴልም አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ኮምጣጤ ለምን ነበር የሚያመጣልኝ? በየዓመቱ በኅዳር፣ በቅዱስ ማርቲን በዓል፣ የኪራዩን ፋንታ በወይን እከፍላለሁ ብሎ፣ በገለባ ጠቅልሎ። አንድ ቀን ደህና ጠርሙስ አላገኘሁበትም።»

ዩጌት ስለ ብዙ ነገር ትጨነቃለች እንጂ በቀላሉ አትቆጣም። አሁን ግን ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አንሴልም ለማዳም የሚልከውን ጠርሙስ ራሱ ነበር የሚመርጠው፤ ከበርሜሉ ሁሉ የተሻለውን። ሊዮን ድረስ ሲነዳ ወይኑ እንዳይሞቅበት በኅዳር ብርድ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ ይሄድ ነበር፤ እያሳለ ይመለሳል፣ እሷም ሳምንት ሙሉ ትሰድበው ነበር። ማዳም የሚመልሱለት ካርድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ደርሷል፣ አመሰግናለሁ።» ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ይከተውና ወደ ማሳው ይሄዳል። ይህን ሁሉ ልትናገር ስትል ብላንዲን ቀደመቻት።

«ማዳም፣ ጠርሙሶቹን የት ነው የሚያስቀምጧቸው?»

ወጥ ቤት ነው አሉ ማዳም፤ ከውኃ ማሞቂያው በላይ ባለው ቁምሳጥን። ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አይጥ አይደርስበትም። ቦታ እንዳይፈጅ አቁመው ነው የሚደረድሯቸው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለልደት ቀን አንዳንድ ይከፍታሉ።

ኦክታቭ እንኳ ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ። ብላንዲን ጠርሙስ ሲቆም ቡሹ እንደሚደርቅ፣ ሲደርቅ አየር እንደሚያስገባ፣ ማሞቂያው ሲነሣና ሲወርድ ወይኑ ከእሱ ጋር ሲቀቀልና ሲቀዘቅዝ እንደሚኖር፣ በተቻላት መጠን እያለዘበች አስረዳች። ማለዘብ የሚቻል ነገር ግን አልነበረም። እሳት ካየው ምን ለየው። የዩጌት ጥፋት ሦስት ሰዓት ነው፤ የማዳም አርባ ዓመት።

ማዳም ሱርኔ ብርጭቆውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት።

«ከእሱ ወይን የተረፈ አለ?» አሉ።

አለ። ምድር ቤት ነው ያለው። ብላንዲን አመጣለሁ ስትል ማዳም አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምሄደው አሉ። ሥጋው ይቆይ። ዩጌት ደረጃው እርጥብ ነው አለች፣ ጨለማ ነው አለች፣ ብርድ ነው አለች፤ አንዱም አልሠራላትም። ስለዚህ ከፊት ከፊት ሆና ወረደች፤ ማዳም ቢወድቁ የሚወድቁት እሷ ላይ እንዲሆን። ኦክታቭ ጉልበቴ ብሎ ቀረ። ቡፌው ላይ ሁለት ያልተነኩ ትኩስ ጠርሙሶች ነበሩና፣ መስኮቱን ዘግቶ ከደንቡ ጋር ብቻውን ተቀመጠ። ደስተኛ ነበር ይባላል።

ምድር ቤቱ እንደ ሁልጊዜው ነው። በጋ የለው፣ ብርድ ወራት የለው፤ አሥራ ሁለት። የአንሴልም ጠርሙሶች ጥግ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፣ አቧራቸውን ለብሰው። ብላንዲን አንዱን መርጣ በሻማ ብርሃን ከፈተችና ትንሽ ቀዳች። ገና ቀዝቃዛ ነው፣ በእጅዎ ይያዙት አለቻቸው። ማዳም ሱርኔ ብርጭቆውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ቆሙ። ማሞቂያ የለ፣ ምድጃ የለ፤ የአንዲት አሮጊት እጅ ብቻ። ደቂቃዎች አለፉ። ከዚያ ጠጡ።

ዩጌት ፊታቸውን አላየችም፤ ሻማው ከኋላቸው ነበር።

«ሰውዬው የሚንቀኝ መስሎኝ ነበር» አሉ ማዳም። «የከፋውን እየመረጠ የሚያመጣልኝ። አርባ ዓመት ያን እያሰብኩ ነው ካርድ የጻፍኩለት።»

«እሱ ደግሞ» አለች ዩጌት፣ «እርስዎ ሥራውን የማይወዱለት መስሎት ነበር። ለዚህ ነው በየዓመቱ የተሻለ የሚያመጣው።»

ማዳም ብርጭቆውን እስከ ታች ጠጡት፤ የውሉ ወረቀትስ የታለ ብለው ጠየቁ። ብላንዲን ከጠዋት ጀምሮ ደረት ኪሷ ውስጥ አጥፋ ይዛው ነበር። የበርሜል ክዳን ላይ ዘረጋችው፤ ዩጌት ሻማውን ያዘች። ማዳም ከመፈረማቸው በፊት ሁለት ነገር አሉ። አንዱ፣ አንድም ሐረግ አይነቀልም። ሁለተኛው፣ ከእንግዲህ የኪራያቸው ፋንታ ወደ ሊዮን አይሄድም፤ እዚሁ ከአንሴልም ጠርሙሶች አጠገብ በጎኑ ይተኛ። እሳቸው በወር አንዴ በባቡር እየመጡ፣ እዚሁ ወርደው ይጠጡታል።

ፈረሙ። ብላንዲን ማዳምን ሳይሆን አያቷን አቀፈች፤ እጇ እንደ በረዶ ነበር። ዩጌት አለቀሰች፤ ትንሽ፣ እንደ ወጉ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ የድንጋዩን ደረጃ ቀና ብላ አየችው። አሥራ ሰባት እርከን ነው፤ ስድስተኛው ተሰንጥቋል፣ ዘጠነኛው ሁልጊዜ ያሟልጫል፣ እጅ የሚይዝበት ብረት የለውም። ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላቸው ሴትዮ፣ በየወሩ፣ ጠጥተው ሊወጡበት ነው።

«ማዳም» አለች፣ «እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ቀስ ብለው ይውጡ፤ ውሉ ላይ ቀለሙ ገና አልደረቀም።»